በአዋጅ የማይጸና አንድነት
ከደንቀዝና ከቦሩ ሜዳ ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የቀረ ትምህርት

መግቢያ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊ፣ በዱርቤቴና በዳንግላ አልፎ ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስደውን መንገድ ታውቁት ይሆናል። በዚያ መስመር ካሉት ከተሞች በአንዱ ወይም በዙሪያው ገጠር የምታገለግሉ ከሆነ፣ ጉባኤያችሁ አነስተኛ እንደ ሆነች እገምታለሁ። ምእመናኑ በስም ብቻ ሳይሆን በዘር ሐረግ ይተዋወቃሉ። ሁለት ወንድሞች ቢጣሉ ወሬው እስከሚቀጥለው የገበያ ቀን ድረስ ከጎረቤት ጆሮ ይደርሳል። እንዲህ ባለ ስፍራ የቤተ ክርስቲያን አንድነት ቅንጦት አይደለም፤ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው።

ፈተናውም ከዚሁ ይነሣል። በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ የገንዘብ ሪፖርት ይቀርባል፤ ወይም አገልጋይ ስለ መመደብ የተዘጋጀ ውሳኔ ይነበባል። አንድ ሁለት ሰዎች ጥያቄ አላቸው፤ ነገር ግን «አንድነታችንን እንዳናውክ» ብለው ዝም ይላሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሁላችንም ተስማምተናል» ተብሎ ይጻፋል፤ በጸሎትም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በቡና ላይ፣ በመንገድ ላይ፣ በስልክ ላይ ሌላ ስብሰባ ይጀመራል። እውነተኛው ሐሳብ የሚነገረው በዚያኛው ስብሰባ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላሳያችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እውነት እንዳይነገርበት ተደርጎ የተጠበቀ አንድነት ቀኑን የሚጠብቅ መለያየት ነው። ይህንን የምለው ከሩቅ አገር ታሪክ ተነሥቼ አይደለም። የምታገለግሉበት ምድር ራሱ ከአንድ ጊዜ በላይ መስክሮበታል።

ከግሽ ዓባይ እስከ ደንቀዝ

እ.ኤ.አ. በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ በሰከላ የሚገኘውን የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ነበር። ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ ከሊቃውንት ጋር በትዕግሥት ተከራከረ፤ በቤተ መንግሥትም ተደማጭነት አገኘ። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ካዘነበሉ በኋላ በ1622 እምነታቸውን በይፋ ገለጡ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ዐረፈ።

የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የጎጃም ገዢና ከንጉሡም ይልቅ ለአዲሱ እምነት የቀና ሰው ነበር። የቅዳሜ ሰንበት እንዳይከበር በታወጀ ጊዜ በዳሞት ገበሬውና መነኩሴው በአንድነት ዐመፀ። የዳሞት ስም ዛሬም ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም አካባቢ አልጠፋም። ዐመፁን በጦር የደመሰሰው ይኸው ሥዕለ ክርስቶስ ነበር። እንግዲህ የምትሰብኩበት ቀበሌ ስለ እምነት አንድነት ሲባል ደም ከፈሰሰበት ምድር የራቀ አይደለም።

በ1625 ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ከፖርቱጋል መጣ። በ1626 የካቲት ወር በደንቀዝ ታላቅ ሥነ ሥርዓት ተደረገ፤ ንጉሡ በፓትርያርኩ ፊት ተንበርክከው ለሮማው ጳጳስ መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ። መኳንንቱና ካህናቱም ተከትለው ማሉ። ከዚያም ካህናት እንደ ገና እንዲካኑ፣ ምእመናን እንደ ገና እንዲጠመቁ፣ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ገና እንዲባረኩ፣ የጾሙና የበዓሉ አቆጣጠር እንዲለወጥ ታዘዘ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። በዚያ ቀን በደንቀዝ የቆመ ተመልካች ቢጠየቅ፣ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሆነች ብሎ ይመልስ ነበር። ሁሉም ምሏልና። ነገር ግን ከማሉት መካከል ስንቱ የልቡን ተናገረ? «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» እንደሚባለው፣ የማለው አፍ ስለ ልቡ አልመሰከረም። የሆነው ሁሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታየ፤ ዐመፅ በየአውራጃው ተነሣ፤ የላስታ ገበሬዎችም በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ሸፈቱ።

ወይና ደጋ፦ የንጉሥ እውነት መናገር

በ1632 ሰኔ ወር በወይና ደጋ ታላቅ ጦርነት ሆነ። የንጉሡ ሠራዊት ድል አደረገ። የታሪክ ጸሐፊዎች የሟቾቹን ቁጥር ወደ 8,000 ያደርሱታል። በማግስቱ ንጉሡ ሬሳ በተነጠፈበት ሜዳ ሲያልፉ፣ አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች የወደቁት አረመኔ ወይም የውጭ ጠላት እንዳልሆኑ፣ ክርስቲያኖችና የገዛ ወገኖቻቸው እንደ ሆኑ ነገሯቸው ይባላል። ድሉ መርዶ ሆነ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ አዋጅ አስነገሩ። የአዋጁ መንፈስ ይህ ነበር፦ ይህን እምነት መልካም መስሎን ሰጠናችሁ፤ ነገር ግን ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው አለቀበት፤ ስለዚህ የአባቶቻችሁን ሃይማኖት መልሰንላችኋል። መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። እርሳቸው ራሳቸው ግን ሃሳባቸውን የለወጡ መስለው አልታዩም፤ የኢየሱሳውያኑ ጽሑፎች በዚያው ዓመት እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ በያዙት እምነት እንደ ጸኑ ይናገራሉ።

በእምነታቸው ብንስማማም ባንስማማም፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ የምንማረው ነገር አለ። የእውነትና የአንድነት ነገር በሱስንዮስ ዘመን ሁሉ አንድ ላይ የተገናኙት በዚያ ቀን ይመስለኛል። ንጉሡ ያመኑትን አልካዱም፤ ያጠፉትንም አልሸፈኑም። ባወጁበት ስፍራ ስሕተታቸውን አወጁ። በአደባባይ ያስገደዱትን ሕዝብ በአደባባይ ለቀቁት። እንዲህ ያለውን ቃል ከመሪዎች አፍ ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? እኔ የምሰማው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፤ ውሳኔው በመድረክ ላይ ይታወጃል፤ ሲከሽፍ ግን በጓዳ ይቀበራል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። በፋሲለደስ ዘመን ግን ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ፤ ሥዕለ ክርስቶስ ለግዞት ተዳረገ፤ በካቶሊክ እምነት የቀሩትም በተራቸው ተሳደዱ። የተለወጠው ባለ ድሉ ወገን እንጂ የማስገደድ ልማዱ አልነበረም።

ጎጃምና የቅባት ክርክር

ከኢየሱሳውያኑ ጋር የተደረገው ክርክር አንድ ጥያቄ ትቶ ሄደ። መጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደ ቀባው ይናገራል (ሐዋ. 10፥38)። ወልድ በባሕርዩ አምላክ ከሆነ፣ መቀባቱ ምን ማለት ነው? የኢትዮጵያ ሊቃውንት በዚህ ጥያቄ ላይ ተለያዩ። የተዋሕዶ ወገን ሥጋ የከበረው ከቃል ጋር በመዋሐዱ ነው አለ። በጎጃም ገዳማት የጠነከረው የቅባት ወገን የከበረው በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ነው አለ። በኋላ የጠነከረው የጸጋ ወይም የሦስት ልደት ወገን ደግሞ ከአብና ከማርያም ልደት ሌላ ቅብዐቱን በጸጋ የሆነ ሦስተኛ ልደት አድርጎ ቈጠረው።

የሴሚናሪ ተማሪዎች ይህንን ክርክር እንደ ተራ የቃላት ጠብ እንዳትቈጥሩት አደራ። ስለ ክርስቶስ ማንነት የተጠየቀ ከባድና ተገቢ ጥያቄ ነበር። ጥፋቱ የነበረው በጥያቄው ሳይሆን በመልስ አሰጣጡ ላይ ነው። ጉባኤ በተጠራ ቁጥር ሊቃውንቱ ይከራከሩ ነበር፤ የመጨረሻው ቃል ግን የዙፋኑ ነበር። ንጉሡ ወደ አንዱ ወገን ሲያዘነብል ያ ወገን ኦርቶዶክስ ይሆናል፤ ሌላው ይወገዛል። ዐፄ ቴዎፍሎስ የቅባትን ወገን ደገፉ። በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ በ1720ዎቹ መግቢያ፣ ጎንደር ላይ ለቅባት ከተፈረደ በኋላ የተቃወሙ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በወታደር ተገደሉ። ከዚያም ሚዛኑ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1830 ጎንደር የደረሰው ሳሙኤል ጎባት የተባለ ወንጌላዊ ሚስዮናዊ ወገኖቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደ ተራራቁ በማስታወሻው መዝግቧል።

በዚህ ሁሉ ዘመን ሊቁ ሐሳቡን ከመናገሩ በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ዛሬ ቤተ መንግሥቱ ከማን ጋር ነው? ይህ ጥያቄ በጉባኤ ውስጥ ሲገባ እውነት በሌላኛው በር ይወጣል።

ቦሩ ሜዳ

እ.ኤ.አ. በ1854 ደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከአቡነ ሰላማ ጋር ሆነው በአምባ ጫራ ተዋሕዶን ብቻ የሚፈቅድ አዋጅ አስነገሩ። ክርክሩ ግን አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1878፣ በእኛ አቆጣጠር በ1870 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ታላቅ ጉባኤ ጠሩ። የሸዋው ምኒልክም ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ የሚወስኑት አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ ከእስክንድርያ የመጣው ደብዳቤም ተዋሕዶን የሚደግፍ ነበር። ክርክሩ ተካሄደ፤ ሌሎቹ ወገኖች ተረቱ ተባለ፤ አንድ ሃይማኖት ብቻ እንዲኖር ታዘዘ። እምቢ ካሉት መካከል ምላሳቸው የተቈረጠ እንደ ነበሩ የዘመኑ ትረካዎች ይናገራሉ። ምላስ መቍረጥ! በጉባኤ ውስጥ እውነትን ከመናገር መከልከል ይህን በሚያህል ግልጽ ምልክት የታየበት ሌላ ጊዜ አላውቅም።

በዚያው ጊዜ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዙ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ክርስትና አነሷቸው። ሕዝቡ ግን ብዙው በአደባባይ ክርስቲያን፣ በቤቱ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ሌላው ተሰደደ፤ ሌላው ሸፈተ።

የጎጃም ቅባትስ? ከቦሩ ሜዳ በኋላ ስሙ ከአደባባይ ጠፋ፤ ትምህርቱ ግን በጎጃም ገዳማትና ገጠሮች፣ በተለይም በምሥራቅ ጎጃም፣ ሲወራረስ ቈይቶ እስከ እኛ ዘመን ደረሰ። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈበት አዋጅ ያልዘጋው ጥያቄ ዛሬም ቤተሰብን ከቤተሰብ፣ ደብርን ከደብር ያነጋግራል። አዋጁ ክርክሩን አልፈታውም፤ ከጉባኤ አውጥቶ ወደ ጓዳ አስገባው እንጂ። ጓዳ የገባ ክርክር ደግሞ መልስ የሚሰጠው ሰው ስለማያገኝ አያረጅም።

ይህን የምጽፈው የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንን ታሪክ ለማጣጣል አይደለም። ይህ ታሪክ የእኛም ነው፤ አያቶቻችን በዚያው ሜዳ ላይ ነበሩ። ልማዱንም ከእነርሱ ወርሰን ወደ አዳራሾቻችን አምጥተነዋል።

ማርቡርግ፦ ልዩነትን ጽፎ መፈረም

ተቃራኒውን መንገድ ለማየት ወደ አውሮፓ እንሻገር፤ መመለሻችን ግን ኢትዮጵያ ነው። በ1529 ጥቅምት ወር ማርቲን ሉተርና ኡልሪክ ዝዊንግሊ በጀርመን ማርቡርግ ተገናኙ። የሄሴው ገዢ ፊሊጶስ ተሐድሶውን ለመጠበቅ አንድነታቸውን አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ሁለቱ በ15 አንቀጾች ላይ ተነጋገሩ። በ14ቱ ተስማሙ። በአሥራ አምስተኛው፣ ስለ ጌታ እራት በሚናገረው፣ በብዙው ተስማምተው በአንድ ነገር ተለያዩ፤ የክርስቶስ እውነተኛ ሥጋና ደም በኅብስቱና በወይኑ በአካል አለ ወይስ የለም በሚለው።

ገዢውን ደስ ለማሰኘት ሁለቱም እንደ ፈለጉ የሚተረጕሙት አሻሚ ቃል መጻፍ ይችሉ ነበር። ቅኔ በተዘረፈበት በጎጃም ያደገ አንባቢ ሰምና ወርቅ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። በቅኔ ውበት ነው፤ በእምነት መግለጫና በቃለ ጉባኤ ግን ወጥመድ ይሆናል። እነርሱ ያልተስማሙበትን ነገር በዚያው ሰነድ ላይ በግልጽ ጽፈው፣ ሕሊና በፈቀደ መጠን ለመዋደድ ተስማምተው፣ ከነልዩነታቸው ፈረሙበት። መልካም ፍጻሜ ነበር አልልም። ሉተር የወንድማማችነትን እጅ ለዝዊንግሊ አልሰጠም፤ ዝዊንግሊም እንዳለቀሰ ይነገራል። ነገር ግን ልዩነቱ የት እንዳለ በትክክል ስለ ተጻፈ፣ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ከየት መጀመር እንዳለባቸው አወቁ። በ1973 በስዊዘርላንድ ሎይንበርግ የአውሮፓ ሉተራውያንና ተሐድሶአውያን በዚያው ጥያቄ ላይ ተነጋግረው የቍርባን ኅብረት መሠረቱ።

በኢትዮጵያም በ1974 የፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን ፍሬ የሆነችው የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሉተራውያን ሚስዮኖች ሥራ ከተገኘችውና በ1959 ከተመሠረተችው ከመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ሆነች። የዝዊንግሊና የካልቪን ወራሾች ከሉተር ወራሾች ጋር በአንድ ሲኖዶሳዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀመጡ። የቤቴል ስም አልጠፋም፤ ቅርሷም አልተካደም። ከማርቡርግ 445 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በእውነት የተመዘገበ ልዩነት ቢዘገይም ሊፈታ ይችላል።

ስለ እኛስ?

ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት አራተኛ ምዕራፍ የሐሳቡን አካሄድ ተከተሉ። በቍጥር 3 የመንፈስን አንድነት ለመጠበቅ እንድንተጋ ያዛል። በቍጥር 15 እድገታችን እውነትን በፍቅር በመያዝ እንደ ሆነ ይናገራል። በቍጥር 25 ውሸትን አስወግደን ከባልንጀራችን ጋር እውነትን እንድንነጋገር ሲያዝ፣ የሚሰጠው ምክንያት እርስ በርሳችን ብልቶች መሆናችንን ነው። እኛ «አንድ ስለ ሆንን ዝም እንበል» እንላለን፤ ሐዋርያው ግን አንድ ስለ ሆናችሁ እውነቱን ተናገሩ ይላል። ዓይን ጉድጓድ አይቶ ለእግር ካልነገረ፣ የሚወድቀው እግር ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያንም በዚህ መንገድ ሄዳለች። በኢየሩሳሌም ጉባኤ ውሳኔ የተገኘው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው (ሐዋ. 15፥7)። ከዚያው ምዕራፍ ሳንወጣ ጳውሎስና በርናባስ ስለ ማርቆስ ተከራክረው ተለያዩ፤ ሉቃስም አልሸፈነውም። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ማዕድ በሸሸ ጊዜ፣ ጳውሎስ በሁሉ ፊት ገሠጸው፤ ነገሩንም ግብዝነት ብሎ ጠራው (ገላ. 2፥11-14)። ያንን ተግሣጽ የአንድነት ጠላት አድርገን ብንቈጥረው፣ ዛሬ እኛ ከአሕዛብ የመጣን ሰዎች በጌታ ማዕድ ላይ ባልተቀመጥን ነበር።

እንግዲህ ወደ ጉባኤያችሁ ተመልሳችሁ የምታደርጉት ምንድን ነው? በሚቀጥለው የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ አንድ ሰው የተለየ ሐሳብ ቢኖረው፣ ሐሳቡ ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ይጻፍለት። «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን ቃል እውነት ሲሆን ብቻ ተጠቀሙበት። መጋቢ ሆይ፤ የምትፈልገውን ውሳኔ አስቀድመህ ካሳወቅህ ስብሰባህ ትንሽ ቦሩ ሜዳ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ በኋላ ተናገር። የገንዘብ ጥያቄ የሚያነሣውን ሰው ስለ ዐመፀኛነቱ ከመገሠጽህ በፊት ደረሰኙን አሳየው። ከመድረክ ያወጅኸው ነገር ስሕተት ሆኖ ከተገኘ፣ ይቅርታህን በዚያው መድረክ ላይ አድርገው እንጂ በቤት ለቤት ጉብኝት አትጨርሰው። ሱስንዮስ ዙፋን የሚያስከፍል ነገር ከተናገሩ፣ እኛ ክብራችንን የሚያስከፍለውን ልንናገር እንችላለን።

ሌላም አለ። ከምክክር በኋላም ያልተስማማ ወንድም ይኖራል። በጌታ ወንጌል መሠረት ላይ እስከ ቆመ ድረስ አገልግሎቱን አትንጠቁት፤ ከቤተሰቡ ጋርም ቡና መጠጣታችሁን አታቋርጡ። ልዩነቱን የሚናገር ሰው በመካከላችሁ በሰላም መኖር እንደሚችል ሌሎች ሲያዩ፣ በጓዳ ያለው ስብሰባ ሰው ያጣል።

ልቡ የሚፈራ ሰው ሲመልስልኝ እሰማለሁ፦ «እኛ ጥቂቶች ነን፤ ጕዳችን ቢወጣ መሳለቂያ እንሆናለን።» ፍርሃቱን አልንቅም፤ አንዳንዶቻችሁ ስለ ስማችሁ ሳይሆን ስለ መቃብር ቦታ እንኳ የምትጨነቁ ናችሁ። ሁሉም ነገር በገበያ ይነገር አልልም፤ ጌታ ራሱ ወንድምህን መጀመሪያ ለብቻው ውቀሰው ብሎ አስተምሯል (ማቴ. 18፥15)። ምስጢር መጠበቅና እውነት መደበቅ ግን ይለያያሉ። ምስጢር የደካማውን ክብር ይጠብቃል፤ መደበቅ የብርቱውን ጥፋት ይጠብቃል። የትኛውን እየጠበቃችሁ እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

መደምደሚያ

በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ለዘመናት በሕግ ፊት መቆሚያ ላጡ ወገኖች ይህ ምስጋና የሚገባው ነገር ነው። ነገር ግን የዚህ ምድር ታሪክ የሚያስጠነቅቀን አለ። አዋጅ ማኅተም፣ ጽሕፈት ቤትና መብት ይሰጣል፤ ልብን ከልብ ጋር ማያያዝ ግን በደንቀዝም በቦሩ ሜዳም አልቻለም። ያ ሥራ ለእናንተ የተተወ ነው። የሚሠራውም በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በዱርቤቴ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም፣ ሰባት ሽማግሌዎች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንደኛው «ወንድሞች፣ እኔ አልተስማማሁም» ባለ ጊዜ፣ የቀሩት ስድስቱ ፊታቸውን ሳያጠቍሩ ሲሰሙት ነው።